መኪናዋ ለታላቅየው እምቢ፣ ለታናሽየው እሺ!

የዛሬው ጨዋታችን ስለ መንገድና ስለ መኪና ነው። «እኔ መኪና የለኝም» የምትሉም ገጹን ለመገልበጥ አትቸኩሉ፤ ነገሩ የወንድማማችም ጉዳይ ነው።

መቼም አሮጌ መኪና ያለው ሰው ቁልፉን የሚያዞረው እየጸለየ ነው። ከተነሳችለት ተመስገን! አልነሳ ካለች ግን ጉድ ፈላ ማለት ነው። ኮፈኑ ገና ሳይከፈት ጎረቤት ይሰበሰባል። አንዱ «ባትሪዋ ሞቷል» ይላል። ሌላው «ኧረ ፖምፓዋ ነው» ይላል። ሦስተኛው «የሰው ዓይን ነው፣ ጠበል እርጩባት» ይላል። ባለመኪናው በዚህ ሁሉ መካከል ቆሞ ኪሱን ይዳስሳል። እኔ እንደታዘብኩት ከሆነ ከዚያ ኪስ የሚወጣው ገንዘብ አብዛኛው ለብልሽቱ አይደለም፤ ለግምቱ ነው። ባትሪ ይገዛል፣ አልሆነም። ሞተሪኖ ተፈትቶ ይታደሳል፣ አሁንም አልሆነም። በመጨረሻ ጥፋቱ የአንዲት ብሎን መላላት ሆኖ ይገኛል።

ገንዘብስ ይሁን። ግምት ሰውንም ያጣላል። ይህን በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ የጥኖራ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ።

ዓባይን ተሻግሮ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጎሐ ጽዮን የደረሰ መንገደኛ ፊት ለፊቱ የዓባይ ሸለቆ ይጠብቀዋል። መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና ድልድዩን ተሻግሮ ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። ታች በረሃው ኮት ያስወልቃል። ደጀን ላይ ብቅ ሲሉ ግን ከፍታው 2,400 ሜትር ግድም ነውና ጋቢ ያስመኛል።

ለመኪናም እንደዚያው ነው። በረሃው ውስጥ ራዲያተሩ ይፈላል፤ ደጋው ላይ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ አልነሳ ይላል። ብርዱ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ አየሩም ይሳሳል። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። የናፍጣ ሞተር ደግሞ እንደ ቤንዚኑ እሳት የሚጭር ካንዴላ የለውም። አየሩን ሃያ እጥፍ ያህል ጨምቆ ያግላል፤ ናፍጣው የሚቀጣጠለው በዚያ ግለት ነው። ስለዚህ አየሩ ቀዝቃዛና ስስ በሆነበት አገር አሮጌ ናፍጣ መኪና ማለዳ ላይ ቢያንጎራጉር አይፈረድበትም።

የጥኖራ በደጀን ወረዳ ያለች፣ በቀድሞው አከፋፈል በብቸና አውራጃ የምትቆጠር ናት። አፈሩ ዋልካ ነው። በክረምት ጫማ ከእግር ያስቀራል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል። ያ ጥቁር አፈር ግን የሚሰጠው ነጭ ጤፍ ነው! በታኅሣሥ ወር የሄደ ሰው በየሜዳው የጤፍ ክምርና አውድማ ያያል።

የጥኖራን ስም በደርግ ዘመን የሰማችሁ ትኖራላችሁ። በአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበሯ የታወቀች ነበረች። መሬቱም በሬውም የጋራ፣ ሥራውም በነጥብ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ እንዲህ ያሉት ማኅበራት በየአገሩ ፈራርሰው ገበሬው ወደየግሉ ተመለሰ። ታዲያ እዚያ አገር ስለ ጋራ ንብረት ሲነሳ ሽማግሌዎቹ የሚሉት አያጡም።

የጋራዋ ፒካፕ

እኔ በእንግድነት ያረፍኩት ከሁለት ወንድማማቾች በታላቅየው ቤት ነው። ስማቸው ይቆየን። ታላቅየው ሃምሳውን ያለፈ ገበሬ ነው። ታናሽየው እህል ይነግዳል። ሁለቱ ገንዘብ አዋጥተው ዕድሜዋ ከ30 ዓመት በላይ የሆነ ነጠላ ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ገዝተዋል። ናፍጣ ናት። ሳምንት ለታላቅየው፣ ሳምንት ለታናሽየው እየተባለች ጤፍ ታጓጉዛለች፤ ወላድና በሽተኛም ታደርሳለች።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በታናሽየው ሳምንት ቁልፍ ሲነካት ትነሳለች። በታላቅየው ሳምንት ግን ጠዋት ጠዋት «እምቢ» ትላለች። ባትሪዋ እስኪደክም ትዞራለች፣ ከዚያ የሠፈር ጎረምሳ ተሰብስቦ በግፊ ያስነሳታል። አንዴ ከተነሳች ቀኑን ሙሉ ደህና ናት። በማግስቱ ያው ነው።

ታላቅየው ምን ጠረጠረ መሰላችሁ? «አንድ ነገር ነቅሎ ነው የሚሰጠኝ። ተስፋ ቆርጬ ድርሻዬን በርካሽ እንድለቅለት ነው» አለ። ታናሽየው ደግሞ «አያ መንዳት አያውቅበትም፣ ቁልፍ ላይ ተኝቶ ገደላት» ይላል። ሚስቶቻቸው ቡና መጠራራት ትተዋል። እናትየው በሁለቱ ቤት መካከል ስትመላለስ እንባዋ አልደረቀም።

በዚህ ላይ አንድ መካኒክ አይቷት «ኢንጀክሽን ፖምፓው አብቅቶለታል፣ ተፈትቶ አዲስ አበባ መሄድ አለበት» ብሎ ነበር። የጠየቀው ዋጋ የአንድ ዓመት ጤፍ የሚበላ ነው። ይህን የሰማ አንድ ነጋዴ ከብቸና መጥቶ የብረት ዋጋ በመሰለ ገንዘብ ልግዛት አለ። እነሱም በንዴት «ውሰድ» ብለውታል። በሦስተኛው ቀን ገንዘቡን ይዞ ሊመጣ ነው።

ጎረቤት ያሉ አንድ አዛውንት ነገሩን አንስተንባቸው «የማኅበሩ ጊዜም እንዲሁ ነበር» አሉኝ። «በሬው ሲከሳ አንዱ ሌላውን ያያል። ‘አንተ ነህ ያላበላኸው’ ይባባላል። ወርዶ ግርግሙን ያየ ግን አልነበረም።»

እኔ በልጅነቴ ጋራዥ ቁልፍ አቀብዬ አውቃለሁና እስቲ ግርግሙን ልየው አልኩ።

እምቢታዋ ሦስት ዓይነት ነው

አንባቢ ሆይ፣ መኪና አልነሳ ስትል መጀመሪያ ቁልፍና ፒንሳ አታንሳ፤ ጆሮህን አንሳ። እምቢታዋ በሦስት ዓይነት ድምፅ ይለያል።

የመጀመሪያው ዝምታ ነው። ቁልፉን ስታዞር ምንም የለም። የፊት መብራቱን አብራ። መብራቱም ከጠፋ ኤሌክትሪኩ አልደረሰም ማለት ነው፤ ባትሪው ራስ ላይ ያሉትን ማሰሪያዎች በእጅህ ነቅነቅ አድርጋቸው፣ ፊውዙንም እይ። መብራቱ ደምቆ ሞተሪኖው ዝም ካለ ግን ጥርጣሬው ወደ ቁልፉ መስመርና ወደ ሞተሪኖው ይሄዳል።

ሁለተኛው «ቀጭ» ወይም የደከመ ማቃሰት ነው። ቁልፉ ሲዞር መብራቱም ይደበዝዛል። ይህ ብዙ ጊዜ የደከመ ባትሪ ወይም የቆሸሸ ማሰሪያ ነው። ባትሪ አዲስ ከመግዛትህ በፊት ነጩን አቧራ በሙቅ ውሃ እጠብ፣ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍግ፣ አጥብቀህ እሰር። ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተሩና ወደ ሻንሲው የሚሄደውን ገመድ፣ ጋራዦች «ማሳ» የሚሉትን፣ አትርሳ። እሱ ሲዝግ አዲስ ባትሪም አያድንህም። ጤነኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ሲያድር 12.6 ያህል ይለካል፤ ወደ 12 ከወረደ ተራቁቷል።

ከሌላ መኪና ባትሪ ስትበደር ተራው እንዲህ ነው። ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ አገናኝ። ከዚያ የአበዳሪውን ኔጋቲቭ ያዝና ሌላውን ጫፍ በደከመው ባትሪ ላይ ሳይሆን ራቅ ብሎ ባለ የሞተሩ ብረት ላይ እሰር። ባትሪ ሃይድሮጅን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ብልጭታ እላዩ ላይ ከሆነ ይፈነዳል። ሲጋራማ ወዲያ!

ሦስተኛው ደህና እየዞረች አለመነሳት ነው። ሞተሪኖው በጉልበት ያዞራታል፣ ግን እሳት የለም። በቤንዚን መኪና ይህ ወይ የካንዴላ እሳት ወይ የቤንዚን እጦት ነው። በናፍጣ መኪና ግን ጥያቄው በአብዛኛው ሁለት ነው፦ ማሞቂያዎቹ ይሠራሉ ወይ? ናፍጣው ይደርሳል ወይ? የጭስ ማውጫውን ተመልከት። እየዞረች ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣ እየደረሰ ነው፤ አልሞቀም እንጂ። ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣው አልደረሰም።

ይህን ስትሞክር ግን ቁልፉን ይዘህ አትቅር። አሥር፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ሰከንድ አዙር፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ አሳርፋት። አለበለዚያ አንዱን ብልሽት ሁለት ታደርገዋለህ።

«የት ነው የምታሳድሯት?»

የወንድማማቾቹ ፒካፕ እምቢታዋ ሦስተኛው ዓይነት ነበር። በደንብ ትዞራለች፣ ጭስ የለም። ናፍጣ አልደረሰም ማለት ነው። ታንከሩ ግን ሞልቷል፤ ቀን ቀንም ደህና ትሄዳለች። ያለቀለት ፖምፓ ደግሞ ሰው መርጦ አይሠራም! ይኼኔ ነው «የት ነው የምታሳድሯት?» ብዬ የጠየቅኩት።

የታላቅየው ግቢ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ነው። በኋላ ማርሽ ያስገባትና አፍንጫዋን ወደ በሩ፣ ሽቅብ፣ አድርጎ ያቆማታል። ታናሽየው ቤቱ ደጃፍ ላይ ዳገት አለ። ባትሪ ቢደክም በግፊ ላስነሳት ብሎ ሁልጊዜ አፍንጫዋን ቁልቁል አድርጎ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ይሸጉጣል።

በቃ፣ ነገሩ እዚህ ጋ ነው። የነዳጅ ታንከሩ ከኋላ ነው፣ ፖምፓው ከፊት። ፖምፓው ናፍጣውን የሚያመጣው እየሳበ ስለሆነ በመንገዱ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ካለ ሞተሩ ሲሠራ ናፍጣ አይንጠባጠብም፤ አየር ይገባል እንጂ። ማታ አፍንጫዋ ሽቅብ ከቆመ አየር በስንጥቁ ቀስ እያለ ይገባና ናፍጣው ወደ ኋላ፣ ወደ ታንከሩ ይመለሳል። ጠዋት ፖምፓው የሚስበው ባዶ ቱቦ ነው። አፍንጫዋ ቁልቁል ከቆመ ግን ታንከሩ ከፍ ስለሚል ናፍጣው በገዛ ክብደቱ ወደ ፊት ይገፋል። ቱቦው እንደሞላ ያድራል። ስንጥቁም በፈንታው ትንሽ ላብ ይላል።

ታናሽየው ይህን ሲሰማ «ቆይ ቆይ» አለ። ኮፈኑን ሲከፍት ፊልትሮው አጠገብ ሁልጊዜ እርጥብ አቧራ እንደሚያገኝና በጨርቅ እንደሚጠርገው ተናገረ። ታላቅየው በጎሪጥ አየው። «እና እስከዛሬ ለምን አልነገርከኝም?» «አያ፣ ሁልጊዜ ያለ መስሎኝ ነው።»

ሆኖም ወሬ ብቻውን የተጣላ ሰው አያስታርቅም። ምንም ሳንነካ ሁለት ጠዋት እንሞክር አልኩ። በመጀመሪያው ማታ መኪናዋ ታናሽየው ደጅ ቁልቁል ቆማ አደረች። ጠዋት ቁልፉን ያዞረው ታላቅየው ነው። ወዲያው ተነሳች! በሁለተኛው ማታ ታላቅየው ግቢ ሽቅብ ቆማ አደረች። ጠዋት ቁልፉን ያዞረው ታናሽየው ነው። ዞረች፣ ዞረች… ወይ ፍንክች!

ታላቅየው አልሳቀም። ታናሽየውም ቃል አልተነፈሰም። እናትየው በር ላይ ቆመው ነበርና «እንግዲህ ሁለታችሁንም እምቢ አለቻችሁ። ቁርስ ቀርቧል፣ ግቡ» አሉ። ለወራት አብረው ያልበሉ ወንድማማቾች በአንድ መሶብ ቀረቡ።

ስንጥቁ የተገኘው ፊልትሮው ላይ በሚገባው የጎማ ቱቦ ጫፍ፣ ልክ ፋሸታው (ቱቦ ማጥበቂያው) ሥር ነው። ካልተነሳ አይታይም። አንድ ክንድ የማይሞላ ቱቦና ሁለት ፋሸታ ከደጀን መጣ። ሦስቱ ተደምረው ሁለት መቶ ብር አልሞሉም። ቱቦው ግን የናፍጣ መሆን አለበት፤ የውሃ ጎማ ናፍጣ ሲነካው አብጦ ይበሰብሳል። ከታሠረ በኋላ ፊልትሮው ራስ ላይ ያለችው የእጅ ፖምፓ እስክትጠነክር ድረስ በመዳፍ ትገፋለች፣ አየሩ ይወጣል፣ ከዚያ ቁልፍ ነው። በዚያ ማታ ሽቅብ ቆማ አድራ ጠዋት ተነሳች። ያን «አበቃለት» የተባለ ፖምፓ የነካው የለም።

ብቸና፣ ከዚያም ሞጣ

ገዢው በቀጠሮው መጣ። የመጣውም የሞተች መኪና ሊወስድ ነው። እሷ ግን እየሠራች ጠበቀችው፤ ጥቂት አጉረምርሞ ተመለሰ። በማግስቱ ታናሽየው ጤፍ ጭኖ በየትመን በኩል ወደ ብቸና ሲሄድ እኔም ጋቢና ገባሁ። ብቸና ጤፉን አራግፎ እስከ ሞጣ አደረሰኝ። መንገዱ በደብረ ወርቅ በኩል ነው። በስተግራ የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ተቆልሎ ብርዱን ይልካል።

ሞጣ ባደርንበት ጠዋት ጤዛው በረዶ መስሎ ነበር። እዚህ አንድ ምክር ልጨምር። የናፍጣ መኪና ቁልፍ መጀመሪያ ግማሽ ድረስ ብቻ ይዞራል። የጥቅል ሽቦ ምልክት ያለባት መብራት ትበራለች፤ ማሞቂያዎቹ እየጋሉ ነው። ስትጠፋ ነው የሚነሳው። ብዙ ሰው ይህችን ጥቂት ሰከንድ ስለማይታገስ ባትሪውን ይጨርሳል። ሌላም አለ። ከፊልትሮው ሥር ውሃ ማፍሰሻ ብሎን አለች። ናፍጣ በበርሜል በሚሸጥበት አገር ውሃ አይጠፋውምና በየጊዜው ላላ አድርጎ ማፍሰስ ነው።

ከሞጣ ወዲያ፣ ወደ ጎንደር በሚያሻግረው በኩል፣ ዓባይ ላይ ሰባራ ድልድይ አለ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ፋሲል ጊዜ የተሠራ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተሰበረ። ግራና ቀኙ እንዳለ ቆሞ አንድ ቅስት ብቻ በመጉደሉ ስንት ዘመን ሙሉ ሰዉ ከሁለቱም ጫፍ ገመድ እየተያያዘ ሲጎተት ኖረ። በኋላ ነው የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ የተሠራለት። ታናሽየው ይህን ሲያጫውተኝ «የኛም ነገር የጎደለው ክንድ የማትሞላ ቱቦ ነበረች፤ እኛ ግን መላውን ልናፈርሰው» አለ። እኔ የምጨምርበት አልነበረኝም።

ከዚያስ?

የሆነው ሆኖ ተረት አላወራም። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ስደውል ወንድማማቾቹ መኪናዋን ሸጠዋታል። ታላቅየው ለእርሻው ውሃ መሳቢያ ሞተር ፈለገ፣ ታናሽየው ሱቅ ከፈተ። የሸጧት ግን ሞታለች ብለው አይደለም፤ በእውነተኛ ዋጋዋ ነው። ገንዘቡንም እናታቸው ፊት እኩል ተካፈሉ። ሚስቶቹም ቡና ይጠራራሉ አሉኝ።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት ያ መንገድ እንደ ልብ የሚኬድበት አይደለም። መለዋወጫም እንደ ድሮው ቶሎ አይደርስም። ስለዚህ እዚያ አካባቢ አሮጌ መኪና ላላችሁ ይህ ምክር የቅንጦት አይደለም። ሁለት ክንድ የናፍጣ ቱቦ፣ አራት ፋሸታ፣ ፒንሳና ካቻቪቴ፣ ጥቂት ፊውዝ፣ የባትሪ መበደሪያ ገመድ ከወንበሩ ሥር አይጥፋ።

በጋራ መኪና ለገዛችሁ ደግሞ አንድ ደብተር ይኑራችሁ። ማን ነዳ፣ ስንት ሊትር ገባ፣ ዘይት መቼ ተቀየረ፣ ማታ የት፣ ወደየት ዞራ አደረች፣ ጠዋት እንዴት ተነሳች… ሁሉም ይጻፍ። አልነሳ ያለች ቀን ደብተሩን ይዛችሁ አንድ ላይ ኮፈኑን ክፈቱ። ምስክር የሚሆነው እርጥቡ አቧራ ስለሆነ ከመጥረጋችሁ በፊት ከየት እንደመጣ ተመልከቱት።